«እንጀራው ደረቴ ላይ ይቆማል፤ ቡናውም ይሸተኛል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከሰባት ወር በፊት ጨጓራዬን በቀዶ ሕክምና አሳነስኩ፤ ስሊቭ የሚሉትን ነው። ከ119 ኪሎ ወደ 86 ወርጃለሁ። የስኳር መድኃኒቴን ሐኪሜ አስቁሞኛል፤ ጉልበቴንም አያመኝም። ሰው ሁሉ «አማረብሽ» ይለኛል። እኔ ግን ምግብ ናፈቀኝ። ለፋሲካ ስንት ሰዓት ሽንኩርት ሳቁላላ ውዬ የሠራሁትን ዶሮ ወጥ ሁለት ጉርሻ እንደበላሁ ደረቴ ላይ ቆመ፤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አረፋ የመሰለ ነገር ተፋሁ። ቡና የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተኛል። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ናት፤ ጉርሻዋን ስመልስባት «እጄን ተጸየፍሽው» ብላ አለቀሰች። ማታ ልጆቼ ከተኙ በኋላ ቴሌቪዥን እያየሁ የምበላባት ሰዓት ነበረችኝ፤ አሁን ምን እንደማደርጋት አላውቅም። ያለ ችግር የሚወርድልኝ አይስክሬም ብቻ ነው፤ አልፎ አልፎም አንድ ብርጭቆ ወይን። ጣዕሙ ይመለስልኛል ወይስ እንዲሁ ሆኜ መቅረቴ ነው? ለጤናዬ ብዬ ባደረግኩት ነገር መጸጸቴስ ኃጢአት አይሆንብኝም?
ሄ. ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ እህቴ፣ የኃጢአቱን ጥያቄ ለንስሐ አባትዎ እተወዋለሁ፤ የሐኪም ድርሻ የሆነውን ግን ልንገርዎት። ያደረጉት ሕክምና የስኳር መድኃኒት አስጥሎዎታል፣ ጉልበትዎን አሳርፎታል። በዚያው ልክ ከምግብ ጋር የነበረዎት የ40 ዓመት ወዳጅነት በአንድ ጠዋት ተቋርጧል። በአንዱ እየተደሰቱ በሌላው ማዘን ያለ ነው። የምርመራ ክፍሌ ገብተው፣ በሩ መዘጋቱን አረጋግጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይህንኑ የነገሩኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። «ሰው ይስቅብኛል፣ ቅንጦት ይመስልብኛል» ብለው ነው የሚያንሾካሹኩት።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ምግብ ናፈቀኝ» ባሉት ውስጥ ሦስት ጉዳዮች ተደባልቀዋል፦ የማይወርድ ምግብ፣ የማይጣፍጥ ምግብ፣ ከምግብ ጋር አብሮ የሄደ ሌላ ነገር። መፍትሔያቸው ስለሚለያይ እኛም እንለያያቸው።

የማይወርደው ይቀላል። ከጨጓራዎ ከመቶ 75 እስከ 80 እጁ ተወስዷል። የቀረው እንደ ሙዝ ቀጠን ያለ ከረጢት ነው፤ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ቢይዝ ነው፤ በእኛ ልኬት ሁለት ሲኒ ቡና ቢሆን ነው። እንጀራ ደግሞ ለስላሳ በመሆኑ ያታልላል። ጥርስ ብዙም ሳይሠራበት ይዋጣል፤ ወጡን መጥጦ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ሊጥ ይድቦለቦልና ጠባቡ መንገድ ላይ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ምራቅና ንፍጥ ከላዩ ይጠራቀማል፤ የተፉት አረፋ እሱ ነው። ትኩስ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታም ይኸው ጠባይ አለባቸው። የዶሮው የደረት ሥጋም ድርቅ ስለሚል አያግዝዎትም።

እንጀራ ይቅርብዎ አላልኩም። ተራው ይለወጥ እንጂ። ከዶሮ ወጡ መጀመሪያ እንቁላሉን ያንሡ፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ እርስዎ ደግሞ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያስፈልግዎታል። እንቁላሉን በትንሽ ማንኪያ ፈርፈር አድርገው ከቁሌቱ ጋር ይቅመሱት። ከዚያ ከአጥንቱ የሚላቀቅ ለስላሳ የጭን ሥጋ፣ ትንሽ አይብ። እንጀራው መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ የአውራ ጣት ጥፍር ታህል ቁራሽ፣ ከ20 እስከ 30 ጊዜ እየታኘከች። ትኩስ ዳቦ ሲያስቸግር የተጠበሰው እንደሚቀል ሁሉ፣ ትኩሱ እንጀራ እምቢ ብሏቸው ድርቆሽ የተስማማቸው ታካሚዎች አሉኝ። ማዕዱ ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆዩ። ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጡ፤ ከበሉም በኋላ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ በቀሪው ሰዓት ግን ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ፉት እያሉ ያዳርሱት። ጥሬ ሥጋው ይቆይልዎት፤ አሲድ የሚያመነጨው የጨጓራ ክፍል በመቀነሱ ከጀርም የሚጠብቅዎት አጥርም ዝቅ ብሏል። እንዲህ ተጠንቅቀውም ለስላሳው ምግብ የሚቆም ከሆነ፣ ይልቁንም ፈሳሽ እንኳ አልወርድ ካለ፣ ጨጓራው የሆነ ቦታ ላይ ጠብቦ ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሕክምናውን ያደረገልዎት ሐኪም ይመልከተው። ይህ በአኗኗር ምክር አይስተካከልም።

የማይጣፍጠው ጉዳይ ረቀቅ ይላል። ከጨጓራዎ የተቆረጠው የላይኛው ክፍል ግሬሊን የሚባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ነው። ምግብም አሁን ወደ አንጀት ቶሎ ስለሚደርስ፣ አንጀትዎ «በቃኝ» የሚሉ ሆርሞኖችን ከድሮው አብልጦ ይለቃል። ዛሬ ብዙ ሰው የሚወጋው ኦዜምፒክ የተባለው የስኳርና የክብደት መቀነሻ መርፌ የሚኮርጀው ከእነዚሁ አንዱን ነው። እነዚህ መልእክቶች አንጎል ድረስ ዘልቀው የምግብን ማባበል ያደበዝዛሉ። ጣፋጭ ከልክ በላይ መጣፈጥ፣ ቅባት መክበድ፣ ሥጋና ቡና መሽተት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሚሰሙ ቅሬታዎች ተርታ ናቸው። በብዙ ሰው ላይ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሆን በዓመቱ ውስጥ እየለዘበ ይሄዳል። ሁሉም እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም፤ አንዳንዱ ሰው ከአንዳንድ ምግብ ጋር ተለያይቶ ይቀራል። ሌላም ልጨምር፤ ረሃቡ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ መመለስ ሲጀምር፣ ዛሬ የምግብ ፍላጎት የናፈቃቸው ሰዎች «መጣብኝ» ብለው ይደነግጣሉ። ያኔ እንዳይደናገጡ ከአሁኑ ይወቁት።

ለመሆኑ ቫይታሚንዎን ይወስዳሉ? አልጻፉልኝም፤ የማይጻፍልኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይወሰደው ነው። የዚንክ እጥረት ጣዕምን ያጠፋል፤ የብረትና የቢ12 እጥረት ምላስን ያቆስላል፣ ሰውን ያዝላል። ስለዚህ ጣዕሙ በጊዜ ይመለሳል ብለው ከመቀመጥዎ በፊት ዚንክ፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችትዎን የሚያሳየው)፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲና ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) በደም ይመርመሩ። ክኒኑ የዕድሜ ልክ ነው። ብረቱን ከቡናና ከሻይ ያርቁት፤ ከካልሲየሙም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይለያይ። «ጤፍ እበላለሁ፣ ብረት አላጣም» የሚል መልስ በየጊዜው እሰማለሁ። በጤፍ ውስጥ ያለው ብረት አንጀት በቀላሉ የሚወስደው ዓይነት አይደለም፤ እርስዎ ደግሞ በቀን ስንት እንጀራ ሊበሉ!

ቡናውን ለአንድ ወይም ለሁለት ወር ይተዉትና እንደገና ይሞክሩት። ሲሞክሩም በአቦሉ አይጀምሩ። አቦልና ቶናው ይለፍዎት፤ በረካዋ ቀጠን ስለምትል እሷን፣ ያውም በረድ አድርገው። የቀዘቀዘ መጠጥ ሽታው ይቀንሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ያስተውሉ። ማንኛውም ሰው፣ ጨጓራው ያልተነካም ቢሆን፣ የሚበላው ነገር በደንብ የሚጣፍጠው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉርሻዎች ነው። ከአሥረኛው በኋላ የምንበላው አብዛኛውን ጊዜ ለጨዋታው፣ ለልማዱና ሳህኑ ስላላለቀ ነው። ከእርስዎ የተወሰደው አብዛኛው ይኼኛው ነው። የቀሩልዎትን አምስት ስድስት ጉርሻዎች ቆመው፣ ስልክ እያዩ፣ ከልጆች ሳህን የተረፈውን እያነሡ አያባክኗቸው። ይምረጧቸው።

አሁን ወደ ማታዋ ሰዓት ልምጣ። ቀኑን ሙሉ ለሥራና ለልጆች የሆኑ ሴት ለራስዎ ያስቀሯት ብቸኛዋ ሰዓት ትመስለኛለች። ምግቡ ሲወሰድ እሷም ባዶዋን ቀረች። አይስክሬሙ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ለስላሳና ጣፋጭ ነገር አጥጋቢ ሳይሆን ሹልክ ብሎ ስለሚያልፍ በብዛት ይበላል፤ ክብደት ቀስ ብሎ የሚመለሰውም አንዱ በዚህ መንገድ ነው። ስኳሩ በፍጥነት አንጀት ሲደርስ ደግሞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልብ ሊያስመታ፣ ላብ ሊያጠምቅ፣ ሊያስቀምጥም ይችላል፤ ይህ ከስሊቭ ይልቅ በባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ በአቋራጭ ከአንጀት ጋር በሚያገናኘው ቀዶ ሕክምና) ይብሳል። ሰዓቷን መልሰው ይያዟት፤ በምን እንደሚሞሏት እኔ አላዝዝዎትም። አንዲት ታካሚዬ ጥልፍ ጀመረች፤ ሌላዋ ማታ ማታ አገር ቤት ላሉ እህቶቿ ትደውላለች፤ እዚያ ጠዋት ነውና።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን በስተመጨረሻ ጣል ያደረጓት የወይን ብርጭቆ ናት። ከዚህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና በኋላ አልኮል ደም ውስጥ ቶሎ ይገባል፤ መጠኑም ከድሮው ከፍ ይላል። በተለይ ባይፓስ ባደረጉ ሰዎች ላይ የመጠጥ ችግር ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ እንደሚጨምር በጥናት ታይቷል። ድሮ በእንጀራ ይጽናና የነበረ ሰው መጽናኛውን ሲያጣ እጁ የሚዘረጋው በቅርብ ወዳለው ነው። በቨርጂኒያ ሕግ በደምዎ ያለው አልኮል 0.08 በመቶ ከደረሰ መንዳት ወንጀል ነው፤ እርስዎን እዚያ ለማድረስ ስንት ብርጭቆ እንደሚበቃ ከድሮ ልምድዎ ተነሥተው አይገምቱ። ጠጅም ቢሆን ያው ነው። ቢያንስ እስከ ዓመቱ ቢተዉት ደስ ይለኛል።

ጭር ያለብዎት ምግብ ብቻ ሳይሆን ልጆቹም፣ ሥራውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ከሆኑ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪምዎ በግልጽ ይንገሩት። ሕክምና አለው። ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ በአሜሪካ 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት ይደወላል። እንዲሁም ትውከቱ ቀናት ከዘለቀ፣ በላዩም ዓይንዎ ነገሮችን ሁለት አድርጎ ካየ፣ አካሄድዎ ከተንገዳገደ ወይም ከተምታታብዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የታያሚን እጥረት አንጎልን በቀናት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ጾም ሲመጣም ከሐኪምዎና ከንስሐ አባትዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ምስሩና ሽሮው ይስማማዎት ይሆናል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ መዋል ግን ለአሁኑ ጨጓራዎ አይሆንም።

የቀረውን ለእናትዎ ያንብቡላቸው።

እማማ፣ ልጅዎ እጅዎን አልተጸየፈችም። ጨጓራዋ ዛሬ ሁለት ሲኒ ታህላለች። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባላል፤ እሷን ግን ከምርዎ ነው የሚያስጨንቃት፣ ደረቷ ላይ ቆሞ ያስተፋታል። ከእንቁላሉ ቆንጠር አድርገው፣ ቁሌት አስነክተው፣ በጣትዎ ጫፍ ያጉርሷት። አኝካ እስክትጨርስም ያጫውቷት። አንድ ጉርሻ ያጣላል እንደሚባልም አውቃለሁ፤ ሁለተኛውን ለነገ ያቆዩላት።