መዝገቡን ከመዝጋታችሁ በፊት

ኦክላንድ ውስጥ በአካል ጉዳት አገልግሎት ገምጋሚነት ሥራ የጀመረች ልጅ በቅርቡ አንድ ጥያቄ ላከችልኝ። «ቤተሰቡ ምንም አያስፈልገንም አሉኝ። መዝገቡን ልዝጋው?» ጥያቄዋ አንድ መስመር ናት፤ መልሱ ግን ለእሷ ብቻ የሚላክ ሆኖ አላገኘሁትም። ኒው ዚላንድ ውስጥ በዚህ ሥራ የተሰማራችሁ ልጆች ሁሉ አንብቡት።

በዚሁ ቃል የተዘጋ አንድ አሮጌ መዝገብ አለ። የመጨረሻው መስመር «ቤተሰቡ አገልግሎት አልፈለገም» ይላል። ከሥሩ ካሉት ፊርማዎች አንዱ የእኔ ነው። ስለ ራሴ የምለው ይኸው ነው፤ ስለዚያ ሳሎን ግን ብዙ የሚባል አለ።

ቤቱ ደቡብ ኦክላንድ፣ ማንገሬ ነው። ከፓሲፊክ ደሴቶች አንዷ የሆነችው የቶንጋ ቤተሰብ፤ ሦስት መኝታ ቤት፣ ዘጠኝ ነፍስ። ልጁ 19 ዓመቱ ነው፤ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት፣ በራሱ አይቆምም። ሳሎን ውስጥ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተጋድሟል። እናትየው፣ አያትየውና ታላቅ እህቱ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ገምጋሚው ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ እስከዚህ ድረስ ደህና። ከዚያ ላፕቶፑን ከፍቶ ከቅጹ አንደኛ ገጽ ጀመረ። እህትየው እንግሊዝኛ ስለምትችል አስተርጓሚ አልተጠራም። አራተኛው ጥያቄ «ገላውን ማን ያጥበዋል? ሽንት ቤትስ ማን ይወስደዋል?» የሚል ነበር። ልጅቷ አልተረጎመችውም። አንገቷን ደፍታ «ደህና ነን፣ እኛው እናግዘዋለን» አለች። እናትየው ፈገግ ብለው «ኢዮ» አሉ፤ በቶንጋኛ «አዎ» ማለት ነው። ገምጋሚው «የቤተሰብ ድጋፍ በቂ» ብሎ ጻፈ። የተፈቀደ የድጋፍ ሰዓት፦ ዜሮ።

እዚህ ላይ የተበላሸው ምንድን ነው? ቶንጋዎች ዘንድ በወንድምና በእህት መካከል ፋካአፓአፓ የሚባል ጥብቅ ክብር አለ። ካደጉ በኋላ ስለ ገላ፣ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ውስጥ ልብስ አንዱ ባለበት ስለ ሌላው አይነሳም። በድሮው ሥርዓት ጎረምሳ ወንድሞች የሚያድሩት እንኳ ከእህቶቻቸው ተለይተው ነበር። ያቺን ልጅ የወንድሟን ገላ እንድትተረጉም መጠየቅ ማለት ገመናውን በአያቷ ፊት እንድትገልጥ ማዘዝ ነው። «ደህና ነን» ብላ ጥያቄውን ቀበረችው። ይሉኝታ የሚለውን ቃል ለምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሥልጠና ባላስፈለገን ነበር።

የእናትየው «ኢዮ»ም «ሰምቼሃለሁ» ማለት ነበር እንጂ ስምምነት አልነበረም። የመወሰን ሥልጣን ያላት ሰው ቤት ውስጥ አልነበረችም። የአባት እህት፣ ሜሄኪታንጋ የሚሏት፣ ማዕረጓ ለወንድሟ ልጆች ከአባታቸው በላይ ነው። ኦታራ ትኖራለች፤ በመኪና ሩቅ አይደለም። ማንም አልጠራትም።

ሞተር ያለው የሆስፒታል አልጋም ይምጣላችሁ ተብለው አንፈልግም አሉ። ይህም «እምቢተኝነት» ተብሎ ተመዘገበ። አልጋው የሚገባው ኋላ ባለው መኝታ ቤት ብቻ ነበር። ቤተሰቡ ግን ማታ የሚሰበሰበው፣ የሚጸልየው፣ ግማሹም የሚተኛው ሳሎን ነው። አልጋውን መቀበል ልጁን ከሰው ለይቶ ጓዳ ማስገባት ነበር። ሰው ማንሻ ማሽንም ታስቦ ነበር። የማሽኑ እግሮች አልጋ ሥር መግባት አለባቸው፤ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ሥር አይገቡም፣ ጎማውም ምንጣፍ ላይ አልንቀሳቀስ ይላል። ክንዱ እስከ ወለል ዝቅ የሚል ዓይነት ነበር የሚያስፈልገው። ያንን ለማወቅ ደግሞ የት እንደሚተኛ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

እናትየው ከፍራሽ ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ መታጠቢያ፣ እየመለሱም እንዲሁ በቀን ስምንት ጊዜ ያህል ያነሱት ነበር። በሁለተኛው ክረምት ወገባቸው ተቀጨ። ልጁ ከከተማው ማዶ፣ ቶንጋኛ የሚናገር አንድም ሠራተኛ የሌለበት የእንክብካቤ ቤት ገባ።

ያኔ ሌላም እንቅፋት ነበር። እዚያው ቤት የሚኖር የአጎቱ ልጅ ሊያጥበው ፈቃደኛ ነበር፤ ወንድ ስለሆነ ነውርም የለበትም። ግን በጊዜው መመሪያ አብሮ ለሚኖር ቤተሰብ ክፍያ አልነበረም። በ2012 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህ አድልዎ ነው ብሎ ፈረደ። በ2013 የወጣው ሕግ ለቤተሰብ መክፈልን ፈቅዶ ባልና ሚስትን አገለለ፤ እሱም በ2020 ተሻረ። የአጎቱ ልጅ ግን ቀደም ብሎ ፋብሪካ ተቀጥሮ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። ጨዋ ሁኑ፣ ሰዓት አክብሩ የሚለውን ዘልዬዋለሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና «ማን ማን ቢኖር ጥሩ ነው?» በሉ። እሑድ አትሂዱ። በጠዋት በመንግሥት መኪና፣ መታወቂያ አንገት ላይ አንጠልጥላችሁ፣ ሁለት ሆናችሁ በር አታንኳኩ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ፖሊስ ቪዛቸው ያለፈ ሰዎችን ፍለጋ ንጋት ላይ የፓሲፊክ ሰዎችን ቤት ይሰብር ነበር። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው ነሐሴ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ማለዳ የሚያስታውሱ አያቶች ዛሬም ሳሎን ውስጥ ተቀምጠዋል።

የመጀመሪያው ጉብኝት ላይ ቅጽ አታውጡ። ጸሎት ካለ ጠብቁ፣ የቀረበውን ቅመሱ፣ ከየት እንደመጣችሁና የማን ልጅ እንደሆናችሁ ንገሯቸው። እነሱ ታላኖዋ ይሉታል፤ እኛ ቡና ላይ የምናደርገው ነው። የገላውን ጥያቄ ለብቻ ያዙት፤ ወንድ ገምጋሚ ከልጁ ጋር፣ ሴት ከእናትየው ጋር። ቤተሰብን፣ በተለይ ልጆችን፣ በአስተርጓሚነት አትጠቀሙ። የተመደበውም አስተርጓሚ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሰው ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዴ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ይሻላል። «ፓሲፊክ» የሚባል ቋንቋ እንደሌለም አትርሱ። ሳሞኛ፣ ቶንጋኛ፣ ኒዌኛ፣ ቶክላውኛ ለየብቻ ናቸው።

«ትችላላችሁ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «እንችላለን» ነው። «ትናንት ጠዋት ማን አነሳው? ስንት ደቂቃ ፈጀ? ሌሊት ማን ተነሳ?» በሉ። የአንድ ሳምንት ማስታወሻ አስይዙ፤ የማንሳቱ ብዛት፣ የመታጠቢያው ደቂቃ፣ የሌሊቱ መነሳት ይግባበት። ሰዓት የሚያስፈቅደው ይህ ነው።

ሜትር ያዙ። መግቢያው ላይ እያንዳንዱ 180 ሚሊ ሜትር የሆነ ሦስት ደረጃ ካለ ከፍታው 540 ነው። በ1 ለ12 ተዳፋት ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ ራምፕ (የዊልቸር መወጣጫ) ይፈልጋል፤ መዞሪያው ሳይቆጠር። ግቢው ይበቃል? ቤቱ ኪራይ ከሆነ አከራዩ ፈቅዷል? ይህን ሳታጣሩ ማመልከቻ ብትልኩ ወራት ቆይቶ ይመለስላችኋል።

ገንዘቡ ላይ የሚፈሩትን በግልጽ አውሩ። ቤተሰቡ በኢንዲቪጁዋላይዝድ ፈንዲንግ፣ ማለትም የድጋፉን ገንዘብ ራሱ በሚያስተዳድርበት አሠራር፣ ራሱ ሰው ሲቀጥር አሠሪ ይሆናል፤ የሥራ ውል፣ የሰዓት መመዝገቢያ፣ ታክስ፣ የዕረፍት ክፍያ ይከተላል። ተንከባካቢዋ ደመወዝ ስታገኝ ድጎማዋ ሊቀነስ ይችላል። በመንግሥት ቤት የሚከፈለው በገቢ የተመሠረተ ኪራይ ደግሞ ባብዛኛው የገቢ 25 ከመቶ ስለሆነ ሊጨምር ይችላል። «አንፈልግም» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የዚህ ሂሳብ ውጤት ነው። የኩክ ደሴቶች፣ የኒዌና የቶክላው ተወላጆች የኒው ዚላንድ ዜጎች ናቸው፤ ቶንጋዊ ግን በትውልዱ ብቻ ዜጋ አይሆንም፣ ስለ ቪዛው የሚፈራ ሰው ደግሞ ቤቱን አይከፍትም። ጉዳቱ ከአደጋ የመጣ ከሆነ መንገዱ ኤሲሲ፣ የመንግሥት የአደጋ ካሳ ተቋም፣ ነው፤ ሲወለድ የነበረ ከሆነ ሌላ በር፣ ሌላ ቅጽ፣ ባብዛኛውም ያነሰ ድጋፍ። ለሁለት ጎረቤታሞች ይህን ልዩነት ምን ብላችሁ እንደምታስረዷቸው እስካሁን ጥሩ አረፍተ ነገር አላገኘሁም።

የዘንድሮ ልጆች ቁጥር ትወዳላችሁ፤ እንግዲህ ቁጥሩንም አንብቡት። በ2013 እ.ኤ.አ. በተደረገው የአካል ጉዳት ጥናት ከፓሲፊክ ሕዝቦች 19 ከመቶ፣ ከአገሪቱ ሕዝብ 24 ከመቶ አካል ጉዳት እንዳለባቸው ታየ። «ችግራቸው ያነሰ ነው» ያሉ ነበሩ። በዚያው ዓመት ቆጠራ ግን የፓሲፊክ ሕዝብ መካከለኛ ዕድሜ 22 ገደማ፣ የአገሪቱ 38 ነበር። ዕድሜ ሲስተካከል ምጣኔያቸው ከአማካዩ በላይ ይወጣል።

ሌላው የማይገባኝ ነገር፣ የሁለት ቀን የባህል ሥልጠና ሰርተፊኬት ይዛችሁ «ማሎ ኤ ሌሌይ» ካላችሁ በኋላ ቀሪውን ጥያቄ በሊንክ መላካችሁ ነው። ቀጠሮ ሲያልፍ «አልተገኙም» ተብሎ መዝገብ ይዘጋል። ለቅሶ ላይ ነበሩ! የቶንጋ ለቅሶ ቀናት ይወስዳል፤ የኛን የምታውቁ ምን ነካችሁ?

ቀስ በሉ ስል ቆይቼ አሁን ደግሞ ፍጠኑ ልላችሁ ነው። ታላኖዋን የመዘግየት ሰበብ አታድርጉት። ጀርባው ላይ ቀይ ሆኖ ሲጫኑት የማይነጣ ቆዳ ካያችሁ የመኝታ ቁስል ጀምሯል፤ ሁለተኛ ጉብኝት አይጠብቅም፤ ያኑ ዕለት ለነርስ ደውሉ። ሥነ ሥርዓቱ ይበላሽ፤ በኋላ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ።

ለጠያቂዋ፦ አትዝጊው። «አገልግሎት አልፈለጉም» በሚለው ፋንታ ማን እንደነበረ፣ ማን እንዳልነበረ፣ ማን እንዳስተረጎመና የትኛው ጥያቄ ሳይመለስ እንደቀረ ጻፊ። የስድስት ሳምንት ቀጠሮ አስገቢ። ከዚያ ደውለሽ ያልተገኘው ታላቅ ሰው ማን እንደሆነና ከሥራ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጠይቂ።