ማንም ሳያየው የሚለካ ቅንጣት

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ኤሌክትሮኖች በሁለት ስንጥቆች ሲያልፉ በመጋረጃው ላይ የሞገድ መስመሮችን እንደሚሠሩ፣ በየትኛው ስንጥቅ እንዳለፉ ሲለካ ግን መስመሮቹ እንደሚጠፉ ሳስተምር ተማሪዎቼ «ሰው ስላያቸው ነው ወይ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? መለካት እንዲህ የሚያበላሽ ከሆነስ ኳንተም ኮምፒውተር እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የሰው ዓይን በዚህ ነገር ድርሻ እንደሌለው ያለ ማመንታት ይንገሯቸው። ወሳኙ ስለ ቅንጣቱ መንገድ የሚናገር ምልክት በሌላ አካል ላይ መቅረቱ ነው፤ ምልክቱን የሚያነብ ሰው ቢኖርም ባይኖርም ውጤቱ አይለወጥም።

እ.ኤ.አ. በ2004 በቪየና ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሙከራ ይህን አጥርቶ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ እያንዳንዳቸው ከ70 የካርቦን አተሞች የተሠሩ ሞለኪውሎችን በሌዘር አግለው በረቂቅ ፍርግርጎች ውስጥ ባሳለፏቸው ጊዜ፣ ግለቱ በጨመረ ቁጥር የሞገድ መስመሮቹ እየደበዘዙ ሄዱ። መንገዳቸውን የሚከታተል መሣሪያ አልተተከለም ነበር፤ የጋለው ሞለኪውል ራሱ የሚረጨው ብርሃን የት እንደነበረ የሚናገር መረጃ ይዞ ወደ አካባቢው ስለወጣ ብቻ የሞገድ ጠባዩ ጠፋ። ለክፍል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ «መለኪያው ቅንጣቱን ስለሚገፋው ነው» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ግን ተማሪን ወደ ስሕተት የሚመራ ይመስለኛል።

የኳንተም ኮምፒውተር ዋና ችግርም ይኸው ነው። ኪዩቢት፣ ማለትም የኳንተም ኮምፒውተር ትንሹ የመረጃ አሃድ፣ ስሌቱ እስኪያልቅ ድረስ የ0 እና የ1 ሁኔታዎችን አጣምሮ መያዝ ሲኖርበት፣ ከአካባቢው የሚደርስበት ጥቂት ሙቀት ማንም ሳያዘው ይለካዋል። የደብረ ብርሃን ሌሊት በኅዳር ውርጭ እንኳ ከ273 ኬልቪን (ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ብዙም አይርቅም፤ በሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ በሚያስተላልፍ ቁስ) የሚሠሩ ኪዩቢቶች ግን በ0.02 ኬልቪን ገደማ የሚቀመጡት ስለዚህ ነው።

በመጨረሻ ሲለካ ኪዩቢቱ የሚሰጠው 0 ወይም 1 ብቻ ነው፤ የእያንዳንዱንም ዕድል የሚወስነው የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ቦርን እ.ኤ.አ. በ1926 ያስቀመጠው ሕግ ነው። ስለዚህ ከመለካት በፊት የተሳሳቱት መልሶች ሞገዶች እርስ በርሳቸው እንዲጠፋፉ፣ የትክክለኛው ደግሞ እንዲጎላ ተደርጎ ስሌቱ ይቀመራል። የሒሳብ ሊቁ ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረበው የስሕተት ማረሚያ፣ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ፣ መለካትን ራሱን ለጥበቃ አውሎታል፦ የ1 ኪዩቢት መረጃ በ9 ኪዩቢቶች ላይ ይሰራጭና፣ «አንተ 0 ነህ ወይስ 1?» ተብሎ ሳይጠየቅ «ሁለታችሁ አንድ ዓይነት ናችሁ ወይ?» የሚለው ብቻ ይለካል። መልሱ ስሕተቱ የት እንደደረሰ ያመለክታል እንጂ የተሸከሙትን መረጃ ስለማይገልጥ ስሌቱ ሳይፈርስ ይቀጥላል።