አገዳዬን እያመመኝ ልሩጥ ወይስ ልረፍ ላልሽው

መጀመሪያ አገዳሽን በአውራ ጣትሽ ከላይ እስከ ታች እየተጫንሽ ፈትሺው።

1. ሕመሙ ሰፋ ብሎ የተዘረጋ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከጫና የመጣ መቆጣት ነው። ሩጫውን ቀንሺ። የምትሮጪበትን የአንኮበር መንገድ አስፋልትና ቁልቁለት ለጊዜው ተዪው፤ ሣር ላይ ቀስ ብለሽ ሩጪ።

2. አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ስትነኪው የሚያዘልልሽ ከሆነ፣ ወይም ተኝተሽም የሚያምሽ ከሆነ፣ አጥንቱ ስንጥቅ ጀምሮት ሊሆን ይችላል። ያኔ ሩጫ የለም፣ ውድድር ቢኖርብሽም ይቅር። ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ኤክስሬይ መጀመሪያ ሰሞን ላያሳየው ይችላል፤ «ደህና ነሽ» ተብለሽም ሕመሙ ካልለቀቀሽ ተመለሺ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እዚህ ደብረ ብርሃን በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ጠዋት በዚያ ብርድ የሚሮጡ ልጆች አያለሁ። ሳይበሉ መሮጥ ሲደጋገም አጥንትን ሊጎዳ ይችላል። በጾም ከባዱን ልምምድ ወደ መብያሽ ሰዓት አስጠጊው፤ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ የሱፍ ፍትፍቱን ጠግበሽ ብዪ። የወር አበባሽ ከቀረ ደግሞ «ሯጭ ስለሆንሽ ነው» ቢሉሽ አትቀበዪ፤ ምግብ እያነሰሽ ሊሆን ይችላል። ለአሰልጣኝሽ መንገር ካሳፈረሽ ለእናትሽ ወይም ለጤና ጣቢያዋ ነርስ ንገሪያት።