ሎስ ሁሉ ኪሳራ አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የእንግሊዝኛው ሎስ ማለት ኪሳራ ነው ብለሽ ተምረሻል። ከዚያ አባቱ የሞተበትን ሰው «ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ሲሉት ሰማሽና «ሞትም ኪሳራ ይባላል እንዴ?» አልሽ። ተመሳሳይ ቃላቱንም ጠይቀሻል። «ዘ ካምፓኒ ኢዝ አት ኤ ሎስ ቱ ኤክስፕሌይን ዘ ሎስ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገርም አስቸግራሻለች። እኔ በትርጉም ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። በዚህ ቃል ያፈርኩበትንም ጨምሬ ልንገርሽ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንዲት ሴት የሕይወት ታሪክ ተርጉም ተባልኩ። «ሺ ሎስት ኸር ኸዝባንድ» ይላል። እኔ ሆዬ «ባሏ ጠፋባት» ብዬ አስቀመጥኩት። አራሚው ወረቀቱን ይዞ መጣና «ከዚያስ ተገኘ?» አለኝ። ለካ ሰውየው ሞቷል። እኔም እንዳንቺው አንድ ቃል ከአንድ ቃል ጋር አጣብቄ ሸምድጄ ነበር። አንቺ ኪሳራን፣ እኔ መጥፋትን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአማርኛ ለሚታጣው ነገር ሁሉ የየራሱ ግስ አለን። ሰው ይሞትብናል። ቁልፍ ይጠፋብናል። ነጋዴ ይከስራል፣ ቡድን ይሸነፋል፣ ቁማር የተጫወተ ደግሞ «ተበላሁ» ይላል። ፀጉር ይረግፋል፣ ተስፋ ይቆረጣል፣ ትዕግስት ያልቃል፣ ድምፅ ይዘጋል። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ በአንድ ሉዝ (የሎስ ግስ ነው) ይገላገለዋል። ስለዚህ ሉዝ ወይም ሎስ ሲገጥምሽ መዝገበ ቃላት ከመግለጥሽ በፊት «የታጣው ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ግሱን የሚመርጥልሽ እሱ ነው።

ከኛ ቃላት በጣም የሚቀርበው ማጣት ነው። «አባቱን አጣ» ይሄዳል። «ሥራውን አጣ» ይሄዳል። «ጨዋታውን አጣ» ስትይ ግን ገደል ገባ። «ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ላይ ያለው ሎስ እንግዲህ ይሄ ማጣት ነው፣ ገንዘብ የለበትም። እኛ በዚያ ቦታ የምንለው «እግዚአብሔር ያጽናህ» ነው። «ስለ ኪሳራህ አዝናለሁ» የሚል የፊልም ትርጉም በዓይኔ አይቻለሁ። ሐዘንተኛው ሱቅ የተቃጠለበት ነው የሚመስለው።

አጻጻፉ ላይም ተጠንቀቂ። ሉዝ ግስ ነው፣ በአንድ ኦ ይጻፋል፣ መጨረሻው ዝ ተብሎ ይነበባል። ሉስ በሁለት ኦ ሲጻፍ ሌላ ቃል ነው፤ የላላ፣ ያልጠበቀ ማለት ነው። ሎስ ስም ነው፣ በሁለት ኤስ ያልቃል። ሎስት ደግሞ ያለፈው ጊዜ ነው። እኔ በአንድ የሥራ ማመልከቻ ላይ «ይህን ዕድል ማጣት አልፈልግም» ለማለት ሉዝን በሁለት ኦ ጽፌ ልኬያለሁ። ዕድሉን ላላሁት መሰለኝ፣ መልስም አልመጣ። (እውነቱን ለመናገር እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።)

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ግን መሸነፍ ነው። «ተሸነፍን» የሚለው ቃል መነሻው ላይ ተደራጊ የሚያደርገው «ተ» ስላለው ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው «ዊ ዌር ሎስት» ማለት ያምረናል። ይሄ «መንገድ ጠፍቶን ነበር» ሆነ ማለት ነው! «ተሸነፍን» ማለት «ዌር» የሌለው «ዊ ሎስት» ነው። ዲፊት የሚባለው ቃል ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ስም ሲሆን ሽንፈት ነው፣ ከሎስ ጋር ይቀራረባል። ግስ ሲሆን ግን ማሸነፍ ነው። «ዊ ዲፊትድ ዜም» ካልሽ አሸንፈሻል። ተሸንፎ መጥቶ «ዊ ዲፊትድ» ያለ ጓደኛ ነበረኝ፣ እንኳን ደስ አለህ ብለነው አረፍን።

ኳስ ካነሳን አይቀር ፎርፌን ታውቂያታለሽ። የእንግሊዝኛው ፎርፊት ከሷ ጋር ዘመድ ነው፤ የሁለቱም ምንጭ ፈረንሳይኛ ነው። ደንብ በመጣስ ወይም ግዴታን ባለመወጣት የሚመጣ ማጣት ነው። ቀብድ ከፍለሽ ውሉን ብታፈርሺና ቀብዱ ሳይመለስልሽ ቢቀር፣ እንግሊዝኛው ሎስት ከማለት ይልቅ ፎርፊትድ ሲል ነው የሚያምረው።

ሌሎቹን ተመሳሳይ ቃላት እንይ። ሚስፕሌስ ማለት የሆነ ቦታ አስቀምጠሽ ቦታው ሲጠፋሽ ነው። መነጽርሽ ቤት ውስጥ እንዳለ ታውቂያለሽ፣ የት እንዳለ ነው ያላወቅሽው። ሚስ ደግሞ ያመለጠ ነገር ነው። አውቶቡስ ካመለጠሽ «ሚስ» በይ። «አይ ሎስት ዘ ባስ» ካልሽ አውቶቡሱ ያንቺ ነበር፣ አንድ ቦታ አቁመሽው ረሳሽው ማለት ይመስላል። ዌስት ማባከን ነው፣ እጅሽ ላይ የነበረውን ያለ ቁም ነገር ማጥፋት።

ሞት ላይ ስንመጣ ቢሪቭመንት አለ። እሱ የሚያገለግለው የቅርብ ሰው በሞት ሲለይ ብቻ ነው፣ ለቁልፍና ለገንዘብ አይሆንም። ግሪፍ ማጣቱ ራሱ አይደለም፤ ከማጣቱ በኋላ ልብ ውስጥ የሚቀረው ሐዘን ነው። ሞርኒንግ ሐዘኑ ወደ ውጭ ሲወጣ ነው፣ ልቅሶው፣ ጥቁር መልበሱ። ሲነበብ «ጠዋት» ከሚለው ሞርኒንግ ጋር አንድ ነው፣ ሲጻፍ ግን ዩ ይጨመርበታል። ካዡዋልቲ የሚለውንም ብዙ ሰው «ሟች» ብሎ ይተረጉመዋል። ቁስለኛውም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። እኔ አንድ ዜና ላይ ቁስለኞቹን በሙሉ ገድያቸው አውቃለሁ፣ ደግነቱ ሳይታተም ተያዘ።

ገንዘብ ላይ ነገሩ ትንሽ ጠበቅ ይላል። ሎስ የንግድ ኪሳራ ነው፤ ወጪ ከገቢ በልጦ ሒሳቡ ሲዘጋ። የመንግሥት በጀት ሲጎድል ግን ሎስ አይሉትም፣ ዴፊሲት ነው የሚሉት። ዳሜጅ ጉዳት ነው፣ ዕቃው ተጎድቶም ቢሆን አለ። ሎስ ሲሆን ዕቃው ሄዷል። የኢንሹራንስ ውል ላይ «ሎስ ኦር ዳሜጅ» እያሉ ሁለቱንም አብረው የሚጽፉት ለዚህ ነው። እዚያው ኢንሹራንስ ውስጥ ግን ቶታል ሎስ የሚባል ነገር አለ። መኪናው ፊትሽ ቆሞ ቶታል ሎስ ሊባል ይችላል፣ ማሠሪያው ከዋጋው ጋር ሲወዳደር የማያዋጣ ከሆነ። እንግዲህ ይህንን «ሙሉ በሙሉ ጠፋ» ብለሽ ብትተረጉሚ ፖሊስ መኪና ፍለጋ ይወጣል።

ሎስ ሁሌ መጥፎ ነው ብለሽም አትያዢ። ዌይት ሎስ ክብደት መቀነስ ነው፣ ሰው ተግቶ የሚያመጣው። እኛ «ከሳህ» ስንል አዝነን ሊሆን ይችላል፣ እነሱ «ዩ ሎስት ዌይት» ሲሉ ብዙ ጊዜ እያደነቁ ነው። «ዩ ሎስት ሚ» ካሉሽ ደግሞ አትደንግጪ፣ «አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» ነው። እኔ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ ስሰማው ሰውየው የተቀየመኝ መስሎኝ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። «ጌት ሎስት» ካሉሽ ግን ተቀይሚ፣ «ጥፋ ከዚህ» ማለት ነው።

ወደ ዓረፍተ ነገርሽ እንመለስ። አት ኤ ሎስ ሁለት መንገድ አለው። ፊቱ ላይ «ሴል» ካለ በኪሳራ መሸጥ ነው። ሰው ወይም ድርጅት «ኢዝ አት ኤ ሎስ» ከተባለና «ቱ ኤክስፕሌይን» የመሰለ ግስ ከተከተለው፣ ወይም «ፎር ወርድስ» ከተባለ፣ ግራ መጋባት ነው፤ የሚለውን ማጣት። ባንቺ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የመጀመሪያው ሎስ ይሄኛው ነው። ሁለተኛው ኪሳራ ይመስለኛል፣ ግን ከላይና ከታች ያለውን አንብቢ። ወሬው ስለ ዓመቱ ሒሳብ ከሆነ «ድርጅቱ ኪሳራው ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ግራ ገብቶታል» በይው። ካዝና ተቆጥሮ ገንዘብ አንሶ ከተገኘ «ኪሳራው» የሚለውን አውጥተሽ «ጉድለቱ» አድርጊው። የጠፋው ዕቃ ከሆነ ደግሞ «ዕቃው እንዴት እንደጠፋ» ይሆናል። ሙሉውን አንቀጽ ከለጠፍሽው አብረን እናየዋለን።