ዳርትሙር ላይ ድንጋይ ፍለጋ

ጥያቄ፦ የምኖረው እንግሊዝ፣ ፕሊመዝ ነው። ዳርትሙር በሚባለው ገላጣ አምባ ላይ ጥንታዊ የድንጋይ ክቦች አሉ አሉኝ። ከየት ልጀምር? እንደ ጢያ ናቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሜሪቬል ጀምር። ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅም። ጎን ለጎን የተደረደሩ የድንጋይ ረድፎች ታገኛለህ፤ ረጅሙ ከ250 ሜትር ያልፋል፣ ግን አብዛኞቹ ድንጋዮች ከጉልበት አይበልጡም፣ ስለዚህ ግዙፍ ነገር ጠብቀህ ከሄድክ መጀመሪያ መናደድህ አይቀርም። ክቡም ትንሽ ነው። አጠገቡ ለብቻው የተገተረው ከ3 ሜትር በላይ የሚረዝም ድንጋይ ግን ይክስሃል።

የነሐስ ዘመን ሥራ ናቸው፣ ከ3,000 ዓመት በላይ። ጢያ ከእነሱ አንጻር የትናንት ነው። ደግሞ ጢያ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፣ እዚህ ምንም የለም። ለምን እንደተተከሉ እርግጡን አውቃለሁ የሚል ካጋጠመህ ዝም ብለህ እለፈው።

የጥንት ጎጆዎቹ መሠረት መሃል አንድ ትልቅ ክብ ድንጋይ ተጋድሟል። የመሥዋዕት ጠረጴዛ ይመስላል፤ ኧረ የፖም መጨፍለቂያ ነው! ከብዙ ዘመን በኋላ ጠርበው ሳይወስዱት የቀረ።

ጉም ድንገት ይወርዳል፣ ስልክህን ብቻ አትመን፤ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ያዝ። ደማቅ አረንጓዴ ሣር ካየህ አትርገጠው፣ ረግረግ ሊሆን ይችላል። በሰሜን በኩል ደግሞ የጦር ሠራዊት የተኩስ መለማመጃ አለ፤ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ አትግባ።