«ኃላፊነቱ የተወሰነ» ሲባል የተወሰነው የማን ኃላፊነት ነው?

ጥያቄ፦ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ልናቋቁም ነው። አንደኛው «ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ማኅበሩ ዕዳ ቢገባ ሙሉውን የመክፈል ግዴታ የለበትም» ይላል። ሌላው ደግሞ «የግል» እና «ማኅበር» አብረው አይሄዱም ባይ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጓደኛዎ ስሙን ያነበበው ሰዋስዉ በሚፈቅደው መንገድ ነው። «እጁ የተሰበረ ልጅ» ስንል እጁ የልጁ ነው፤ «ጣሪያው የሚያፈስ ቤት» ስንልም ጣሪያው የቤቱ ነው። በዚሁ ደንብ «ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር» ሲባል ኃላፊነቱ የማኅበሩ ቢመስለው አይፈረድበትም። ሕጉ ግን ሌላ ነው። ማኅበሩ ለዕዳው ባለው ንብረት ሁሉ ይጠየቃል፤ የተወሰነው የአባላቱ ኃላፊነት ነው፣ ያውም ባዋጡት ልክ። ሦስታችሁ መቶ መቶ ሺህ ብር አዋጥታችሁ ማኅበሩ አንድ ሚሊዮን ብር ቢበደር፣ አበዳሪው የማኅበሩን መኪና፣ ዕቃና የባንክ ሒሳብ ሊያስይዝ ይችላል። የእርስዎን መኖሪያ ቤት ግን ለብድሩ በመያዣነት ካልሰጡት ወይም በግልዎ ዋስ ካልሆኑ በቀር በመደበኛው አይነካም። የኅብረት ሽርክና ማኅበር ብታቋቁሙ ኖሮ ቤትዎም ለአደጋ ይጋለጥ ነበር፤ እዚያ አባላቱ በግል ንብረታቸው ጭምር በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ፤ ማለትም አበዳሪው ዕዳውን በሙሉ ከሁሉም ወይም ከአንዱ ብቻ ሊጠይቅ ይችላል።

ስያሜው የሕጉ ስለሆነ በደብዳቤና በማኅተም ላይ እንዳለ ይጻፉት። ሲያብራሩት ግን «የማኅበሩ ኃላፊነት የተወሰነ ነው» አይበሉ፤ «የአባላቱ ኃላፊነት ባዋጡት ልክ የተወሰነ ነው» ይበሉ። ይህን አጥብቄ የምናገረው በአንዲት ባለቤት አመልካች፣ በ«ኃላፊነቱ» መጨረሻ ባለችው «-ኡ»፣ ምክንያት ሰው ገንዘቡን ከማን እንደሚጠይቅ ሊሳሳት ስለሚችል ነው።

«የግል» እዚህ ላይ «የአንድ ሰው» ማለት አይደለም፤ ድርሻውን ለሕዝብ አውጥቶ አይሸጥም ለማለት ነው። ከታች ከምናየው ባለአንድ አባል ማኅበር በቀር አባላቱ ከ2 እስከ 50 ሊሆኑ ይችላሉ። ለሕዝብ መሸጥ የሚችለው የአክሲዮን ማኅበር ነው።

«ማኅበር» ከግእዙ «ኀበረ» የመጣ ነው፤ ተባበረ፣ አንድ ሆነ ማለት ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ቢያንስ ሁለት አባላትን ይጠይቅ ስለነበር ቃሉና ሕጉ ይስማሙ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ «ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር»ን ሲፈቅድ ግን ተለያዩ። ብቻውን የቆመ ሰው ከማን ጋር ይተባበራል? መተባበርን የግድ የማያሰማው «ኩባንያ» ለዚህ ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማኅበራችሁ በንግድ መዝገብ ሳይገባ ቤት ብትከራዩ በውሉ ላይ «ማኅበሩ ተከራየ» ብላችሁ አትጻፉ። የሕግ ሰውነት፣ ማለትም በራሱ ስም የመዋዋል ችሎታ፣ የሚያገኘው ሲመዘገብ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ተከራዮቹ «መሥራቾቹ» ናችሁ።