ጊታሩ ከልጅቷ ሲበልጥ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እንዴት ናችሁ? የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ልጄ 6 ዓመቷ ነው። አንድ የጎረቤታችን ልጅ ማታ ማታ ጊታር ይጫወታል፤ እሷም ከደጁ አትጠፋም። ግዥልኝ እያለች ስታስቸግረኝ አጎቷ ከአዲስ አበባ የራሱን አሮጌ ጊታር አመጣላት። ክሩ የብረት ነው፣ እጇም አንገቱን በደንብ አይዝም። ሳምንት ሳይሞላት ጣቴን አመመኝ ብላ አልጋ ስር ከተተችው። ባለቤቴ "ገና ናት፣ 10 ዓመት ሲሞላት ትጀምር" ይላል። እናቴ ደግሞ "ክራር እያለ ጊታር ምን ያደርግላታል?" ትላለች። እኔ ራሴ ሙዚቃ አልችልም። የማንን ልስማ?

መልስ፦ እታለም፣ መጀመሪያ የልጅቷን ስሚ። አልጋ ስር የከተተችው ሰንፋ አይደለም። የትልቅ ሰው ጊታር፣ ያውም ከነብረት ክሩ፣ ለ6 ዓመት ልጅ መስጠት የአባቷን ካፖርት አልብሶ ሩጪ እንደማለት ነው። ክንዷ ጫፍ አይደርስም፣ ሳጥኑ ደረቷን ይገፋታል፣ ክሩ ጣቷን ይቆርጣታል። እኔም ብሆን አልጋ ስር ነበር የምከተው።

ጊታር የልጅ ልክ አለው። ሩብ የሚባለው ከ4 እስከ 6 ዓመት፣ ግማሽ የሚባለው ከ6 እስከ 8፣ ሦስት አራተኛ የሚባለው ከ8 እስከ 11 ላሉ ልጆች ነው፤ ስሙ እንዳያሳስትሽ ግን፣ "ግማሽ" ማለት የትልቁ እኩሌታ ማለት አይደለም፣ ከዚያ ይበልጣል። ዕድሜውም ግምት ነው፤ ቁርጡን የሚነግርሽ ክንዷ ነው። ተቀምጣ ስትይዘው ግራ እጇ ትከሻዋን ሳትወጥር የአንገቱ ጫፍ ላይ መድረስ አለበት። ክሩ ደግሞ ናይለን ይሁን። ናይለን ለስላሳ ነው፣ ብዙም አይወጠርም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የናይለን ጊታር ላይ ጠንከር ይበል ብሎ የብረት ክር የሚገጥም ሰው ካጋጠመሽ አስቁሚው። ውጥረቱ ስለሚበዛበት ክሩ የታሰረበት እንጨት ከነሥሩ ይነቀላል። የሱቅ መጫወቻ ጊታርም አትግዢ፤ ስለማይቃኝ ጆሮዋን ያበላሽባታል።

ደሴ ፒያሳ ዞረሽ ትንሽ ጊታር ካጣሽ አጎቷን አዲስ አበባ እንዲፈልግ አድርጊው፤ ያንን ትልቅ ጊታር ያመጣው እሱ አይደል! ዩኩሌሌም፣ ትንሿን የጊታር ዘመድ ማለቴ ነው፣ ካገኘ ጥሩ ነው። አራት የናይለን ክር ብቻ ነው ያለው፣ ለትንሽ እጅም ይመቻል።

ወደ እናትሽ ልምጣ። እማማ ልክ ናቸው፣ ግን ክራሩ ጊታሩን አያስቀርም። ክራር ላይ ክሩን እንጨት ላይ መጫን የለም፤ በቅኝት ተቃኝቶ ይመታል፣ በቃ። ስለዚህ ጣት ሳያም ጆሮ ይማራል። ክራር ቤት ካለ ዛሬውኑ ይሰጣት።

አሁን የምነግርሽን ብዙ አስተማሪ አይነግርሽም፣ ወይም ትዝ አይለውም። ጊታር በተለመደው መንገድ ሲቃኝ ስድስቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ በድምፅ ስማቸው ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው። ኢ ሁለቴ ስለሚመጣ ድምፆቹ አምስት ናቸው ማለት ነው። አምስቱን ከጂ ጀምረሽ ደርድሪያቸው፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። ይሄ ትዝታ ሜጀር ነው! ከኢ ጀምረሽ ብትደረድሪያቸው ደግሞ ባቲ ማይነር ይሆናል። ምንም ጣት ሳትጭኚ፣ ባዶ ክር ብቻ። የወሎ ልጅ ደግሞ ትዝታና ባቲን ቡና ሲፈላ፣ ሰርግ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ ስትሰማ ነው ያደገችው።

እና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዲህ አድርጉ። ከታች ሲቆጠር 3ኛውን ክር፣ ጂን ማለቴ ነው፣ ትምታልሽና አንቺ መነሻሽን ከዚያ ወስደሽ ትዝታ አንጎራጉሪ። ሙዚቃ አልችልም ብለሻል፤ ጀበና ጥደሽ የምታንጎራጉሪው ይበቃል። እሷ ደስ ያላትን ክር ትምታ፣ ሲደክማት ወደ 3ኛው ትመለስ። ከቅኝቱ የሚወጣ ድምፅ ስለሌለ የምትሳሳትበት ቦታ የለም። ለ6 ዓመት ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሙዚቃ ተጫወትኩ ብላ ትተኛለች። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን ጣት መጫን ስለሚፈልጉ ይቆዩ።

ከዚያ በኋላ ኮርድ፣ አብረው የሚመቱ ድምፆች ማለት ነው። ስድስቱንም ክር አትጠይቂያት፣ ከታች ያሉት ሦስቱ ቀጫጭኖች ይበቃሉ። ሦስቱን ባዶ ስትመታቸው ኢ ማይነር ነው። 2ኛውን ክር የመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ በቀጫጭን ብረቶች የተከፈለው ቦታ) ላይ በአንድ ጣት ስትጫን ሲ ይሆናል። እሱን ለቃ 1ኛውን ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ስትጫን ጂ ይሆናል። በአንድ ጣት ሦስት ኮርድ! ስትጫን ጣቷ ከፍሬቱ ብረት ጠጋ ይበል፣ መሀል ላይ ከጫነች ብዙ ጉልበት ይጠይቃታል፣ ድምፁም ይንሿሿል። የጣት ጫፍ ትንሽ ቢያማት ያለ ነው፣ እየቆየ ይጠነክራል። የእጇን አንጓ ወይም ትከሻዋን ካመማት ግን አያያዟ ወይም የጊታሩ ልክ ችግር አለበት ማለት ነው፣ አቁሙ።

በቀን 10 ደቂቃ። ከዚያ በላይ አትጎትቻት። ጊታሩም ሳጥን ውስጥ አይቆለፍ፣ እጇ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ለባለቤትሽ ደግሞ እንዲህ በይልኝ፦ ሙሉ ኮርድና ኖታ ማንበብ ቢዘገይ ችግር የለውም፣ ፍላጎቷን ግን አራት ዓመት ሙሉ ጠብቂ ብሎ ማቆየት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። ወንድ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ ጊታር ጀምሯል። ዩቲዩብ ይበቃዋል ወይስ አስተማሪ ልቅጠርለት? ጊታሩ ደግሞ በየቀኑ ቅኝቱን ይለቃል፤ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዩቲዩብ ኮርዱን ያሳየዋል እንጂ የልጅህን አንጓ አያይም። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሰው ይየው። ግማሽ ሰዓት በቂ ነው። የመጀመሪያው ቀን አብረህ ቁጭ በል፤ አስተማሪው ስለ ራሱ ሲያወራ ቆይቶ ልጁ አንዲት ዜማ ሳይነካ ከወጣ ሌላ ፈልግ።

ቅኝት መልቀቁ ጤነኛ ነው። አዲስ የናይለን ክር እስኪለጠጥ ድረስ ለቀናት ይረብሻል። ሙቀትም አለ፤ ደሴ ብርድ ላይ የቃኘኸው ጊታር ኮምቦልቻ ሲወርድ ባለበት አይጠብቅህም። ስልክህ ላይ ነፃ የመቃኛ አፕ ጫንና ከመጫወቱ በፊት ሁሌ አብራችሁ ቃኙት፤ እንዲያውም ጆሮው የሚሰላው እዚያ ላይ ነው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ብቻ አትተወው።

ጥያቄ፦ ከወልዲያ ነው። የልጅ ልጄ ግራኝ ነው፤ ጊታሩን ገልብጦ ይይዛል። በቀኝ ያዝ ብዬ ላስገድደው?

መልስ፦ ጋሼ፣ አያስገድዱት። በሁለቱም በኩል ለጥቂት ሳምንታት ይሞክር፤ በቀኝ ተምረው ጎበዝ የሆኑ ግራኞች ሞልተዋል፣ ጊታር ላይ ሁለቱም እጅ ሥራ አለው። በግራ ብቻ ካለ ክሮቹ በተገላቢጦሽ ይታሰሩለታል፤ ግን ጊታሩ ራስ አጠገብ ያለችው የክር ማረፊያ ቦይ በየክሩ ውፍረት የተቆረጠች ስለሆነች እሷም አብራ ትቀየር። የሚያውቅ ሰው ይሥራው እንጂ በቢላ እንዳይሞክሩት።